የድምፅ ሚዛንና የገንዘብ ሚዛን በፔንሲልቬኒያ

እንደሚታወቀው፣ የዩናይትድ ስቴትስ አሜሪካ የፕሬዚዳንት ምርጫ በየአራት ዓመቱ በመጣ ቁጥር የዓለም ጋዜጦችና የዜና ማሠራጫዎች ወራት ሙሉ የሚነጋገሩበት ታላቅ የፖለቲካ ክንውን ነው። ይሁን እንጂ የምርጫው ውጤት በአምሳውም ግዛቶች ሕዝብ እኩል ተሳትፎ የሚወሰን ሳይሆን፣ በጥቂት ግዛቶች በሚደረግ ትንቅንቅ የሚቋጭ መሆኑ፣ ትንቅንቁንም በአብዛኛው የሚያንቀሳቅሰው የከበርቴው ገንዘብ መሆኑ ብዙ ጊዜ ተድበስብሶ ይታለፋል። በመሆኑም በዚህ ጽሑፍ በኖቬምበር 2024 የተካሄደውን ምርጫ መነሻ አድርገን፣ ከሁሉ የበለጠ ገንዘብ የፈሰሰባትን የፔንሲልቬኒያን ግዛት በአብነት ወስደን፣ ገንዘብ በምርጫ ውስጥ ምን እንደሚገዛና ምን እንደማይገዛ ለመመርመር እንሞክራለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ለምን ፔንሲልቬኒያ?

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት በቅድሚያ የምርጫውን ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል። የአሜሪካ ሕዝብ ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ አይመርጥም። የሚመርጠው 538 ወኪል መራጮችን ነው። ይህም ቁጥር 435ቱ የእንደራሴዎች ምክር ቤት መቀመጫዎች፣ 100ዎቹ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት መቀመጫዎችና ለዋና ከተማይቱ ለዋሽንግተን የተመደቡት 3 ድምፆች ሲደመሩ የሚገኝ ነው። ከእነዚህ 270 ያገኘ እጩ ፕሬዚዳንት ይሆናል። ከሜይንና ከነብራስካ በስተቀር በ48ቱ ግዛቶች፣ በአንድ ድምፅ እንኳ ብልጫ ያገኘ እጩ የግዛቱን ወኪል መራጮች በሙሉ ጠቅልሎ ይወስዳል። የተሸናፊው ወገን ድምፅ ሚሊዮን ይሁን ሦስት ሚሊዮን፣ በመጨረሻው ስሌት ከቁጥር አይገባም።

ከዚህ የሚከተለው ውጤት ግልጽ ነው። ካሊፎርኒያ 54 ወኪል መራጮች ቢኖሯትም ለማን እንደምታጋድል አስቀድሞ ስለሚታወቅ እጩዎች ድምፅ ፍለጋ አይደክሙባትም። 40 ወኪል መራጮች ያሏት ቴክሳስም እንዲሁ ናት። እጩዎች ወደ ካሊፎርኒያና ወደ ኒው ዮርክ የሚሄዱት በአብዛኛው ከባለጠጎች ገንዘብ ለመሰብሰብ ሲሆን፣ የሰበሰቡትን ይዘው የሚዘምቱት ግን ሚዛን ደፊ ወደሆኑት ግዛቶች ነው። በ2024 ሚዛን ደፊ የተባሉት ፔንሲልቬኒያ፣ ሚሺጋን፣ ዊስኮንሲን፣ ጆርጂያ፣ ሰሜን ካሮላይና፣ አሪዞናና ኔቫዳ ሰባቱ ብቻ ነበሩ። የሰባቱ ድምር 93 ወኪል መራጮች ሲሆን፣ ከእነዚህ 19ኙን የያዘችው ፔንሲልቬኒያ ትልቋ ነበረች።

የዚህች ግዛት ሚዛን ምን ያህል ስስ እንደሆነ አኃዞቹ ይናገራሉ። በ2016 ዶናልድ ትራምፕ ፔንሲልቬኒያን ያሸነፉት በ44 ሺህ ያህል ድምፅ ነበር። በ2020 ጆ ባይደን በ80 ሺህ ያህል፣ በ2024 ደግሞ ትራምፕ እንደገና ከ120 ሺህ በጥቂት በሚበልጥ ድምፅ አሸነፉ። በመጨረሻው ምርጫ ድምፁን የሰጠው ሕዝብ ወደ 7 ሚሊዮን የሚጠጋ ነበር። በ2016 ሂላሪ ክሊንተን በአገር አቀፍ ቆጠራ ወደ 2.9 ሚሊዮን በሚጠጋ ድምፅ በልጠው ሳለ፣ በፔንሲልቬኒያ፣ በሚሺጋንና በዊስኮንሲን ተደምሮ 78 ሺህ በማይሞላ ልዩነት ፕሬዚዳንትነቱን አጥተዋል። እንግዲህ የአንድ አገር ሥልጣን በእነዚህ ጥቂት ሺህ ሰዎች ላይ የሚንጠለጠል ከሆነ፣ ገንዘብ ያለው ሁሉ ወደ እነርሱ ቢሮጥ የሚያስደንቅ አይሆንም።

የገንዘቡ ጎርፍ

በ2024 ለፕሬዚዳንቱ ምርጫ ማስታወቂያ ብቻ በፔንሲልቬኒያ ከ350 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቷል። ይህ ገንዘብ ድምፁን ለሰጠው ለእያንዳንዱ ሰው ቢካፈል 50 ዶላር ያህል ይደርሳል። የሕግ መወሰኛና የእንደራሴዎች ምክር ቤት ምርጫዎችን ጨምሮ በግዛቲቱ ለሁሉም ምርጫዎች ማስታወቂያ የወጣው ሲደመር ደግሞ ከ1 ቢሊዮን ዶላር ያልፋል። በፊላደልፊያ፣ በፒትስበርግ ወይም በኢሪ ቴሌቪዥኑን የከፈተ ቤተሰብ ከአንዱ ማስታወቂያ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ሰነበተ።

ከዚህ ሁሉ ማን ተጠቀመ ብለን ብንጠይቅ፣ የመጀመሪያው መልስ የቴሌቪዥን ኩባንያዎች የሚል ነው። በአሜሪካ ሕግ መሠረት የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ምርጫው 60 ቀን ሲቀረው ለእጩው ራሱ በዝቅተኛው ዋጋ ማስታወቂያ የመሸጥ ግዴታ አለባቸው። ከእጩው ውጭ ሆነው የሚያወጡት ቡድኖች ግን በገበያ ዋጋ ይከፍላሉ። ዋጋው በምርጫው ሰሞን እየናረ ሲሄድ፣ የሕዝብ ሥልጣን ክርክር የተባለው ነገር ለጣቢያዎቹ የመኸር ወቅት ይሆናል።

ሁለተኛው ጥያቄ ገንዘቡ ከማን ኪስ ወጣ የሚለው ነው። ለትራምፕ ድጋፍ ኢሎን መስክ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል። የፒትስበርግ የባንክ ከበርቴ የነበረው የአንድሩ ሜለን የልጅ ልጅ ቲሞቲ ሜለን ወደ 150 ሚሊዮን፣ የቁማር ቤቶች ባለሀብቷ ሚሪያም አደልሰን ደግሞ 100 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሰጥተዋል። በሌላው ወገን የካማላ ሃሪስ ዘመቻ ሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሰበሰበ ሲሆን፣ ይህ ገንዘብ ከሚሊዮኖች የመጣ አነስተኛ መዋጮም ያለበት ነበር። ነገር ግን እርሳቸውን ከሚደግፉት ቡድኖች ታላቁ የሆነው ፊውቸር ፎርዋርድ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ሲያንቀሳቅስ፣ ከገንዘቡ ከፊሉ የመጣው የለጋሾቹን ስም የመግለጽ ግዴታ በሌለበት ድርጅት በኩል ነበር። ስለሆነም ጉዳዩ የአንድ ፓርቲ ብቻ አለመሆኑን መገንዘብ ያሻል።

በሕግ የተከፈተው በር

ይህ ሁሉ የሆነው ሕግ ስለሌለ ነውን? አይደለም። ኩባንያዎች ለፌዴራል እጩዎች ገንዘብ እንዳይሰጡ የሚከለክል ሕግ ከ1907 ጀምሮ አለ። ከዋተርጌት ቅሌት በኋላም በ1974 የመዋጮና የወጪ ጣሪያ ተደነገገ፤ ለፕሬዚዳንት ምርጫም ከመንግሥት ግምጃ ቤት ገንዘብ የሚሰጥበት ሥርዓት ከ1976 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ሆኖም በዚያው በ1976 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ባክሊ በተባለው መዝገብ፣ መዋጮን መገደብ ይቻላል፣ ወጪን መገደብ ግን የመናገር ነፃነትን መንካት ነው ሲል ወሰነ። በጃንዋሪ 2010 ደግሞ ሲቲዝንስ ዩናይትድ በተባለው መዝገብ፣ በአምስት ዳኞች ድምፅ ለአራት፣ ኩባንያዎችና ማኅበራት ከእጩው ጋር ሳይመካከሩ የፈለጉትን ያህል ለምርጫ ቅስቀሳ ሊያወጡ ይችላሉ ተባለ። ከዚሁ ዓመት ጀምሮ «ሱፐር ፓክ» የሚባሉት፣ ጣሪያ የሌለው ገንዘብ የሚሰበስቡ ቡድኖች እንደ አሸን ፈሉ። ከመንግሥት የሚሰጠውንም ገንዘብ ባራክ ኦባማ በ2008 አልፈልግም ካሉ ወዲህ የወጪ ጣሪያውን ተቀብሎ ለመወዳደር የሚፈቅድ የታላላቆቹ ፓርቲዎች እጩ ጠፋ።

በ2024 አንድ ግለሰብ ለአንድ እጩ በቀጥታ ሊሰጥ የሚችለው በአንድ ምርጫ 3,300 ዶላር ብቻ ነበር። ታዲያ ያው ግለሰብ ለሱፐር ፓክ 100 ሚሊዮን መስጠት ከቻለ የጣሪያው ትርጉም ምንድን ነው?

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በአንድ እድር ውስጥ የአባላት ሁሉ ድምፅ እኩል ነው፤ ወርኃዊ መዋጮውም ለሁሉም አንድ ነው። አንድ ባለጠጋ አባል ግን «መዋጮዬን እንደማንም እከፍላለሁ፤ ከዚያ ወዲያ በራሴ ገንዘብ ጡሩምባ ነፊ ቀጥሬ፣ እገሌ የእድሩ ዳኛ ይሁን እያልኩ በየደጁ አስነግራለሁ፤ ለእገሌም አላማከርኩትም» ቢል፣ ደንቡ እንደተከበረ ነው። እኩልነቱ ግን ፈርሷል። የሱፐር ፓክ አሠራር ከዚህ አይለይም። «ለእጩው አላማከርኩትም» የሚለው ገደብ እንኳ በማርች 2024 ላልቷል። የፌዴራሉ የምርጫ ኮሚሽን፣ ቤት ለቤት በሚደረግ ቅስቀሳ ረገድ ሱፐር ፓኮችና እጩዎች መመካከር ይችላሉ የሚል አስተያየት ሰጥቷልና። የመስክ አሜሪካ ፓክ በሚዛን ደፊዎቹ ግዛቶች ቤት ለቤት የሚቀሰቅሱ ቅጥረኞችን ያሰማራው በዚህ በተከፈተው በር ነው።

ይኸው ቡድን በኦክቶበር 19 ቀን 2024 በፔንሲልቬኒያ ዋና ከተማ በሃሪስበርግ አንድ አዲስ ነገር አሳየ። በሚዛን ደፊዎቹ ግዛቶች የተመዘገበ መራጭ ሆኖ አንድ የአቋም መግለጫ ለሚፈርም ሰው፣ በየቀኑ ለአንድ ፈራሚ 1 ሚሊዮን ዶላር እንደሚሰጥ ተነገረ። የፊላደልፊያ ዐቃቤ ሕግ ይህ ሕገ ወጥ ሎተሪ ነው ሲል ከሰሰ። በችሎት ላይ የቡድኑ ጠበቃ፣ ተሸላሚዎቹ የሚመረጡት በዕጣ ሳይሆን ለቡድኑ ቃል አቀባይነት የሚስማሙ ሰዎች ተለይተው ነው ሲሉ ገለጹ። ዳኛውም ምርጫው አንድ ቀን ሲቀረው ሥራው እንዲቀጥል ፈቀዱ። ዕጣ ይወጣልኛል ብሎ የፈረመው ሠራተኛ ዕጣ እንዳልነበረ የተረዳው በዚህ ጊዜ ነው።

ገንዘብ የማይገዛው

«ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ እውነትነት ቢኖረውም ሙሉ እውነት አይደለም። ገንዘብ ብቻውን ድል የሚያቀዳጅ ቢሆን ኖሮ፣ በእጩው ዘመቻ ሣጥን በኩል እጅግ የበለጠ ገንዘብ የነበራቸው ካማላ ሃሪስ በፔንሲልቬኒያ ባልተሸነፉ ነበር። በኤፕሪል 1 ቀን 2025 በሌላዋ ሚዛን ደፊ ግዛት በዊስኮንሲን አንድ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ለመምረጥ ብቻ በሁለቱም ወገን ተደምሮ ከ90 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቷል። መስክና እርሱ የሚደግፋቸው ቡድኖች ከ20 ሚሊዮን በላይ ቢያወጡም፣ የደገፉት ዳኛ በአሥር በመቶ ያህል ልዩነት ተሸንፏል። በአሸናፊዋ ወገንም ከበርቴዎች አልጠፉም፤ ቢሆንም በቀን ሚሊዮን እየመዘዙ የሚያድሉት ሁሉ የሕዝቡን ሐሳብ በኪሳቸው እንዳልያዙ ታይቷል።

ታዲያ ገንዘቡ የሚገዛው ምንድን ነው? በእኛ አስተያየት ገንዘቡ በመጀመሪያ የሚገዛው የመግቢያውን በር ነው። ባለጠጎችን ማሰባሰብ የማይችል ሰው ለእጩነት ሊበቃ ይቅርና ሐሳቡን የሚሰማለት አያገኝም። ቀጥሎም ገንዘቡ ርዕሰ ጉዳዩን ይገዛል። ሕዝቡ ስለ ምን እንዲቆጣ፣ ስለ ምን እንዲሰጋ፣ ስለ ምንስ እንዳያነሳ በማስታወቂያ ብዛት ይወሰናል። ከድሉ በኋላ ደግሞ ባለገንዘቡ በአሸናፊው ጆሮ አጠገብ ሥፍራ ያገኛል። ኢሎን መስክ በ2025 መጀመሪያ ላይ የመንግሥት ሠራተኞችን ለመቀነስና የመሥሪያ ቤቶችን ወጪ ለመቁረጥ በተቋቋመው ክፍል ግንባር ቀደም ሆኖ መታየቱ የዚህ ማስረጃ ነው። ማንም መራጭ ለዚያ ሥራ ድምፁን አልሰጠውም ነበር።

የተዘነጋው የሰዓት ደመወዝ

አሁን ወደ ሠራተኛው ኑሮ እንመለስ። በፔንሲልቬኒያ ዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ ከ2009 ጀምሮ 7.25 ዶላር ሲሆን፣ በ2024 ምርጫ ቀንም አንድ ሳንቲም አልጨመረም ነበር። በዚሁ ጊዜ በኒው ዮርክ ከተማ 16፣ በሜሪላንድ 15፣ በኒው ጀርሲ ከ15 በላይ፣ በኦሃዮ ከ10 ዶላር በላይ ነበር። የከሰል ግዛት የሆነችው ዌስት ቨርጂኒያ እንኳ 8.75 ትከፍል ነበር። ከሚያዋስኗት ግዛቶች ሁሉ ፔንሲልቬኒያ የመጨረሻዋ ነበረች ማለት ነው። በሳምንት 40 ሰዓት፣ ዓመቱን ሙሉ ሳይስተጓጎል በዚህ ደመወዝ የሚሠራ ሰው የሚያገኘው 15,080 ዶላር ነው። ለፕሬዚዳንቱ ምርጫ ማስታወቂያ በግዛቲቱ የወጣው 350 ሚሊዮን ዶላር ከ23 ሺህ የሚበልጡ እንዲህ ያሉ ሠራተኞችን የዓመት ደመወዝ ይሸፍናል። ለአንድ ድምፅ ሰጪ የደረሰው 50 ዶላርም የአንድ እንዲህ ያለ ሠራተኛ የሰባት ሰዓት ያህል ድካም ነው።

በጁን 2023 የግዛቲቱ የእንደራሴዎች ምክር ቤት ደመወዙን በ2026 ወደ 15 ዶላር የሚያደርስ ረቂቅ አሳልፎ ነበር። በሪፐብሊካኖች ብልጫ የሚመራው የግዛቲቱ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ግን ለድምፅ ሳያቀርበው የምርጫው ዘመን አለቀ። በኖቬምበር 2024 የሚዙሪና የአላስካ ሕዝብ ትራምፕን ሲመርጥ በዚያው ቀን፣ በዚያው ድምፅ መስጫ ወረቀት፣ የሰዓት ደመወዝ ወደ 15 ዶላር ከፍ እንዲል በቀጥታ ወስኗል። በፔንሲልቬኒያ ግን ሕዝቡ ራሱ ሕግ አመንጭቶ ለድምፅ የሚያቀርብበት መንገድ የለም። የመላው አገሪቱን ፕሬዚዳንት የሚወስነው መራጭ የራሱን የሰዓት ደመወዝ ለመወሰን በር ተዘግቶበታል።

በዘመቻው ወቅት ጉዳዩ ፈጽሞ አልተነሳም ማለት ግን አይቻልም። በኦክቶበር 20 ትራምፕ በፊላደልፊያ አጠገብ ባለ አንድ ማክዶናልድስ ምግብ ቤት ሽርጥ አስረው የተጠበሰ ድንች ሲያድሉ፣ ጋዜጠኞች ዝቅተኛው ደመወዝ ይጨመር ወይ ሲሉ ጠየቋቸው። ሠራተኞቹን አሞገሱ፤ ጥያቄውን ግን አልመለሱም። ሃሪስ በበኩላቸው 15 ዶላርን እንደሚደግፉ በግልጽ የተናገሩት ከዚያ ሁለት ቀን በኋላ፣ ምርጫው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነበር። የሽርጡ ሥዕል ዓለምን ሲያዳርስ፣ በሽርጡ ስር ያለው የደመወዝ ጥያቄ በማስታወቂያው ጩኸት ተዋጠ።

ይህ ለምን እንደሆነ ለመረዳት የቤተልሔም ከተማ ታሪክ ብቻውን ይበቃል። በዚህች የፔንሲልቬኒያ ከተማ የነበረው የቤተልሔም ብረታ ብረት ፋብሪካ ለሳን ፍራንሲስኮው ለጎልደን ጌት ድልድይ ብረት ያቀረበ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞችን ያስተዳደረ ነበር። በ1995 በከተማይቱ ብረት ማቅለጥ ቆመ፤ በ2001 ኩባንያው ከሰረ። በ2009 በአሮጌው ፋብሪካ ቅጥር የአደልሰን ቤተሰብ ኩባንያ የቁማር ቤት ከፈተበት፤ እስከ 2019ም በእጁ ቆየ። እንግዲህ የብረት አቅላጩ ላብ በፈሰሰበት ምድር ላይ ቁማር ያስነገደ ቤተሰብ፣ በ2024 የብረት አቅላጩን ልጅ ድምፅ ለማግኘት 100 ሚሊዮን ዶላር ያህል መደበ። ከተማይቱ በከፊል የምትገኝበት የኖርዝሃምፕተን ወረዳ በ2012 ለኦባማ፣ በ2016 ለትራምፕ፣ በ2020 ለባይደን፣ በ2024 እንደገና ለትራምፕ ድምፁን ሰጥቷል። ይህን አንዳንዶች ወላዋይነት ይሉታል። እኛ ግን የቀረበለትን ሁሉ ሞክሮ መልስ ያላገኘ ሕዝብ ፍለጋ አድርገን እናየዋለን።

የተደራጀ ድምፅ

ሚዛን ደፊ በሆነ ግዛት መኖር ጥቅም የለውም ማለታችን አይደለም። የፒትስበርጉን ዩ ኤስ ስቲል የጃፓኑ ኒፖን ስቲል ሊገዛው መሆኑ በዲሴምበር 2023 ሲገለጽ፣ የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ተቃወመ። ባይደንም፣ ሃሪስም፣ ትራምፕም ከሠራተኞቹ ጋር ነን አሉ። ባይደን በጃንዋሪ 2025 ሽያጩን አገዱ፤ ትራምፕ ግን በጁን 2025 መንግሥት ልዩ የመወሰን መብት የሚሰጥ አክሲዮን እንዲይዝ አድርገው ፈቀዱት። በምርጫ ሰሞን የተሰጠ ቃል ከምርጫ በኋላ እንዴት እንደሚለወጥ ይህ አንድ ትምህርት ነው። በአንጻሩ በላስ ቬጋስ፣ ኔቫዳ፣ ትራምፕ በጁን 2024 ከጉርሻ ላይ ግብር እንዳይከፈል ቃል ገቡ፤ ሃሪስም በኦገስት እዚያው ከተማ ተመሳሳይ ቃል ሰጡ። በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ በዓመት እስከ 25 ሺህ ዶላር የሚደርስ ጉርሻ ከፌዴራል የገቢ ግብር ስሌት እንዲቀነስ፣ ከ2025 እስከ 2028 ለሚቆይ ጊዜ ፈቀደ። በላስ ቬጋስ ሆቴሎችና ታክሲዎች የሚሠሩ ብዙ ኢትዮጵያውያንም የዚህ ቃል አድራሻ ነበሩ። በዋሽንግተንና በሜሪላንድ የሚኖሩት ወገኖቻቸው ግን፣ ሥራቸው አንድ ዓይነት ቢሆንም፣ ድምፃቸው አስቀድሞ የተቆጠረ ነውና ደጃቸውን ያንኳኳ እጩ አልነበረም። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የላስ ቬጋስ ሠራተኛ የተሰማው የሚዛኑ ቦታ ስለረዳው ብቻ ሳይሆን፣ የሆቴልና የምግብ ቤት ሠራተኞች ማኅበር በኔቫዳ ጠንካራ በመሆኑም ጭምር መሆኑ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

ለማጠቃለል፣ በአሜሪካ የሚካሄደው ምርጫ ማታለያ ብቻ ነው፣ የሕዝቡ ድምፅ ዋጋ የለውም ማለት ቀላል ቢሆንም ትክክል አይደለም። ድምፁ ዋጋ ባይኖረው ኖሮ ለአንዱ ድምፅ 50 ዶላር የሚያወጣ ባልተገኘ ነበር። እውነቱ ግን ድምፁ እኩል ሆኖ ሳለ ድምፁን የሚቀድመው ንግግር እኩል አለመሆኑ ነው። ስለዚህ ስለ ማንኛውም አገር ምርጫ ዜና ስንሰማ፣ በየማኅበራችንም ስንወያይበት፣ ማን አሸነፈ ከሚለው በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ገንዘቡን ማን ከፈለ? የት አፈሰሰው? ያ ሁሉ ገንዘብ ሲናገር ሳይነገር የቀረውስ ምንድን ነው? በፔንሲልቬኒያ ለመጨረሻው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ በምርጫው ማግስት፣ በኖቬምበር 6 ቀን 2024 ጠዋት፣ በሰዓት 7.25 ዶላር ሊሠራ ከቤቱ በወጣው ሠራተኛ ኪስ ውስጥ ነበር።